የሚሰበር ነገር የለም

(ምስል፦ አራት ኪሎ፣ አመሻሽ ላይ። የታክሲ ሰልፍ፣ ከኋላው የበራ የፋርማሲ መስኮት።)

ባለፈው ሰሞን አራት ኪሎ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንድ ወጣት ቆሟል፤ ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ተራው ሲደርስ የጉሮሮ ከረሜላ ገዛ። ከፈለ፤ ግን አልሄደም። ፈቀቅ ብሎ የጥርስ ቡሩሾቹን ያይ ጀመር። ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ተመልሶ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮንዶም አለ?» ሲል ሰማሁት። ፋርማሲስቷም ቀና ብላ ሳታየው በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ያ ልጅ ሊጠይቅ ፈልጎ የዋጠውን ጥያቄ ከሞላ ጎደል አውቀዋለሁ፤ እኛ ክፍል ዘግይቶ ይመጣልና። ካመመ በኋላ፣ ከደማ በኋላ፣ እርግዝና ከመጣ በኋላ። ዛሬ ስለ መጀመሪያው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ቀድመን እናውራ።

የማወራው 18 ዓመት ለሞላችሁ ነው። የሠርጋችሁን ቀን ለምትቆጥሩ፣ በፍቅር ላላችሁ፣ ገና ላልወሰናችሁም። እስከ ጋብቻ እቆያለሁ ያለ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። ሠላሳ ዓመቱ ድረስ አጋጣሚው ያልገጠመውም እንዲሁ። «እስካሁን እንዴት?» የሚላችሁ ጓደኛ ሰዓታችሁን አይቆጥርላችሁም።

(ምስል፦ ነጭ ሻሽ፣ በእጅ የታጠፈ።)

በሠርጋችን ወግ ድንግልና «ብር አምባር» ይባላል፤ ሙሽራው ደግሞ ሰባሪው ነው። ውጭ ሚዜ ይጠብቃል፣ ደም የነካው ሻሽ ለቤተሰብ ይታያል፣ እልልታው ይቀልጣል። ይህ ወግ ከተማ ውስጥ ቢቀንስም ቃሉ ጭንቅላታችን ውስጥ ቀርቷል። እኔን ያሳስበኛል። እሱን ጀግንነቱን ማስመስከር ያለበት ዘማች ያደርገዋል፤ እሷን ደግሞ ዕቃ። የሚሰብርና የሚሰበር ሰው አንድ አልጋ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ይፈራሉ።

እውነቱን ከአካላችን እንስማ። በሴት ብልት መግቢያ ላይ ያለው ስስ ሽፋን በር የዘጋ ክዳን አይደለም። ክዳን ቢሆን የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? እንደ ቀለበት ዙሪያውን የተቀመጠ፣ የሚለጠጥ ሥጋ ነው። ቅርጹም እንደ ፊታችን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዷ ትንሽ ትደማለች፣ ሌላዋ ጠብታም አይታያትም፤ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜያቸው ሊሆን ይችላል። ይህን ሽፋን አይቶ «ድንግል ናት፣ አይደለችም» ብሎ መፍረድ ሐኪምም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ከተመድ የሰብአዊ መብት ቢሮና ከዩኤን ዊመን ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ እንዲቀር የጠየቀው ለዚህ ነው። ሻሹ ነጭ ሆኖ በመቅረቱ ብቻ ትዳሯ የፈረሰ ሴት አክሜያለሁ። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ሻሹን ተዉት።

«ታዲያ ለምን ያማል?» ትሉኝ ይሆናል። አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ግራ እጃችሁን ጥብቅ አድርጋችሁ ጨብጡ። አሁን የቀኝ እጃችሁን ጣት በጭብጡ መሃል ለማሳለፍ ሞክሩ። አልገባም፣ አይደል? በጉልበት ብትገፉት ቆዳውን ይቧጭራል። አሁን በረጅሙ ተንፍሱ፣ ግራ እጃችሁን ላላ አድርጉት፣ እንደገና ሞክሩ።

የብልት ጡንቻ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ሴት ስትፈራ ሳታዘው ይጨበጣል። በዚያ ላይ ደግሞ ድርቀት ይጨመራል፤ ብልት የሚረጥበው ፍላጎቷ ሲነሳ ነው፣ ፍላጎት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። መሳሳም፣ መዳበስ፣ ማውራት፣ መሳቅ። ይህ ለዋናው ነገር የሚከፈል ቀረጥ አይደለም፤ ብዙ ሴቶች ደስታውን የሚያገኙት እዚሁ ጋ ነው። ትንሽ መወጠር ሊሰማ ይችላል፤ የሚያስጮህ ሕመም ግን «ቁም» የሚል መልእክት ነው። ጥርስ ነክሶ ማለፍ ለሚቀጥለውም ቀን ፍርሃት ያስተምራል።

ድርቀት ካለ ፋርማሲ ውስጥ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ጠይቁ። ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅባት፣ ዘይት፣ ቅቤ ከኮንዶም ጋር አይሄድም፤ ላስቲኩን ያሳሳዋል፣ ይቀደዳል።

ወንድሜ፣ አንተም ጋ ልምጣ። ብልት የሚቆመው ደም ሲሞላበት ነው። ስትጨነቅ ሰውነትህ አድሬናሊን ይለቃል፤ የደም ሥርህ ይጠባል። «አልሆን አለ» የሚባለው ይሄ ነው፤ ወይም ደግሞ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሁለቱም በመጀመሪያ ጊዜ የተለመዱ ናቸው፤ ወንድነትህ የትም አልሄደም። ድፍረት ይሰጠኛል ብለህ የምትጠጣው መጠጥ ያባብሰዋል። ጓደኛህ በጎን የሚያቀብልህን ቪያግራ ያለ ሐኪም አትዋጥ፤ ከአንዳንድ የልብ መድኃኒት ጋር ከተገናኘ ሰው ይገድላል። ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወረው ቪዲዮም አስተማሪ አይሁንህ፤ የተቆረጠ፣ የተቀጠለ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት የተተወነ ነው።

(ምስል፦ ካዛንቺስ፣ አንድ ካፌ በረንዳ። ሁለት ማኪያቶ።)

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚከብደው ወሬው ነው። አማርኛችን ስለዚህ ነገር ወይ ስድብ አለው ወይ የሐኪም ቃል፤ መሃሉ ባዶ ነው። እኔ የምመክረው ልብስ ሳይወልቅ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ቡና ላይ እንድታወሩት ነው። ቃል ከጠፋ ከዚህ ጀምሩ፦ «እፈራለሁ።» ቀጥሎ፦ «ቆይ ስልህ ትቆማለህ?» ቀጥሎ፦ «ብታረግዢስ?» ቀጥሎ፦ «ተመርምረሃል?» ለነዚህ መልስ የሌለው ሰው ለአልጋውም ገና ነው።

«ሴት እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው» የሚለውን አባባል የፈጠረው ማን እንደሆነ ባላውቅም የስንቷን ዕድሜ እንደጎዳ አያለሁ። እምቢ እምቢ ነው። ዝምታ እሺ አይደለም፤ ስካር ውስጥ የተባለ እሺም እሺ አይደለም። ቤቱ ድረስ መምጣት፣ መሳሳም፣ መጋባትም ቢሆን የዚያን ቀን ፈቃድ አይተካም። ጀምሮ ማቆምም ይቻላል። ተገዳ የተደፈረች ሴት ካለች ስታዲየም አካባቢ ያለው የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም የሕግ ድጋፉንም አንድ ቦታ የምታገኝበት ክፍል አለው። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበትና አትዘግዪ።

አሁን ወደ ፌስታሉ እንመለስ። የኮንዶም ማብቂያ ቀን የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ 2018 ላይ ሆነን «2024» የሚለውን አንብቦ «ገና ስድስት ዓመት አለው» ያለ ሰው ገጥሞኛል፤ ጊዜው ያለፈበት ነበር። የኋላ ኪስ ውስጥ ለወራት አትያዙት፣ ሙቀቱና መታጠፉ ያበላሸዋል። በጥርስ አትቅደዱት። ጫፉን ቆንጠጥ አድርጋችሁ አየሩን አውጡና ብልቱ እንደቆመ አልብሱት፤ ሲወጣ ሥሩን ይዛችሁ አውጡ። ሁለት ደርቦ ማድረግ አያጠነክርም፣ እየተፋተገ ይቀደዳል።

ሌላ መከላከያ ከመረጣችሁም፣ በየቀኑ የሚዋጠው ኪኒን፣ የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ሁሉም የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሰጣል። የወር አበባ በመጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልጀመራችሁት ለ7 ቀን ኮንዶም ጨምሩበት። ከአባላዘር በሽታ የሚከላከለው ግን ኮንዶም ብቻ ነው። ፖስትፒል፣ ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ የሚዋጠው ኪኒን፣ ለድንገተኛ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። የኤችአይቪ ምርመራ አብራችሁ ሂዱ። የቅርብ ጊዜ አጋጣሚ ካለ ከ3 ወር በኋላ ይደገማል፤ የዛሬ ነጻ ውጤት ያለፈውን ሳምንት ላያሳይ ይችላልና።

በልጅነታችሁ የተገረዛችሁ እህቶች አላችሁ። ጠባሳው ጠባብ ከሆነ በጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ቀድማችሁ የማህፀን ሐኪም ያያችሁ። ሳትገረዙም በየሙከራው ጡንቻው በራሱ እየተዘጋ እንቢ የሚላችሁ ካላችሁ፣ ይህ ስም ያለው ሕመም ነው፤ በጡንቻ ልምምድና በምክር ይድናል።

ከግንኙነት በኋላ ሴቶች ሽንታችሁን ሽኑ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን ሊቀንስ ይችላል። ውስጥን በሳሙና ማጠብ አያስፈልግም። ጠብታ ደም አያስደነግጥ፤ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትኩሳት ወይም በማግስቱም ያልለቀቀ ሕመም ካለ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ።

ለመናገር አፋችሁ ካልታዘዘ ጽፋችሁ ኑ። አንድ ጠዋት ሙሽራ ናት፣ እንሶስላዋ ጣቷ ላይ ገና አልለቀቀም፣ ገብታ ዝም አለች። ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገፋችልኝ። በእርሳስ «ያመኛል። እሱ አያውቅም።» ይላል። በሩን ዘጋሁና ወንበሬን ወደሷ አዞርኩ። በሳምንቱ ባሏንም ይዛው መጣች።