ዳቦና ቆሎ ሲጣሉ

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ ወላጆች፤ እናንተም ከፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች!

ቤት ውስጥ ስለሚለመደው ትንሽ ፀጉራም እንስሳ፣ ስለ ጊኒ ፒግ፣ ተናገር ስባል መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ ልጆቻችን አማርኛ ተምረው እስኪወጡ ቡና እየጠጣን ስንጠብቅ፣ በሁለት ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠይቆኛል፦ «ሁለቱ ወንዶች ተጣሉብን፤ ምን ይሻላል?» እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ እዚሁ ዙሪክ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ነገር ግን ዳቦና ቆሎ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ሳሎኔ ውስጥ አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ከሐኪማቸው የሰማሁትንና በራሴ ጥፋት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ልጄ ጊኒ ፒግ ይገዛልኝ ስትል ባለቤቴ ያነሳችው የመጀመሪያ ጥያቄ «አይጥ ነው አሳማ?» የሚል ነበር። ጀርመንኛው ደግሞ ብሶበት «ትንሹ የባሕር አሳማ» ይላቸዋል። ከባሕርም ከአሳማም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አገራቸው ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። ሰው ለሥጋቸው ሲል ካለመዳቸው ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ፔሩ ውስጥ ዛሬም ለበዓል ይጠበሳሉ። ልጆች፣ ይችን አልሰማችሁም። ብቸኝነት አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ የስዊዘርላንድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጊኒ ፒግን ለብቻው ማኖር ከልክሏል። እንግዲህ «አንዱን ለሰው ሰጥቼ ልገላገል» የሚለው ሐሳብ ቀድሞውኑ ተዘግቷል ማለት ነው።

አራት ወር ገደማ ሲሆናቸው፣ አንድ ማታ ቆሎ ዳቦን ይዞረው ጀመር። ቀስ እያለ፣ ዳሌውን ግራና ቀኝ እየወዘወዘ፣ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲነዝር የሚያሰማውን ዓይነት «ድርርር» የሚል ድምፅ ከሆዱ እያወጣ። የኛ እስክስታ በትከሻ ነው፣ የነሱ በዳሌ። ቀጥሎ ከኋላው ወጣበት። ዳቦ ጮኸ፣ ሮጠ፤ ቆሎ ተከተለው። ልጄ አለቀሰች። እኔም ገላጋይ ሆኜ ዳቦን አንስቼ መኝታ ቤት አስገባሁት።

ሦስት ሳምንት ለያየኋቸው። ከዚያ «አሁንስ በርዶላቸዋል» ብዬ ዳቦን ወስጄ ቆሎ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት። የቆሎ የአንገቱ ፀጉር ቆመ። ጥርሱን አፋጨ። አፉን በሰፊው ከፈተ፤ እኔ አዛጋ ብዬ ሳቅሁ፤ ለካ ጥርሱን ማሳየቱ ኖሯል። ወዲያው ሁለቱ እንደ ኳስ ተጠቅልለው ተንከባለሉ። እጄን ከተትኩ፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው። የዳቦ ከንፈርም ተተረተረ።

ሐኪማቸው ዳቦን እያከሙ የነገሩኝን አልረሳውም። የመጀመሪያው ማታ ጠብ አልነበረም። መዞሩ፣ ድርርር ማለቱ፣ መውጣቱ፣ ማሳደዱ፣ አገጭን ሽቅብ ማንሳቱ «ታላቁ ማነው?» የሚል ክርክር ነው። ጉርምስናቸው ላይ፣ ከሦስት ወር አንስቶ ዓመት እስኪያልፋቸው ድረስ፣ ይብስባቸዋል። አንዱ ዘወር ብሎ ከሄደ ነገሩ ያበቃል። እኔ ግን ክርክሩን መሐል ላይ በጥሼ፣ ሦስት ሳምንት አቆይቼ፣ አንዱን ባለቤት ሌላውን ሰርጎ ገብ አድርጌ መለስኳቸው።

ስለዚህ ለገላጋይነት አትቸኩሉ። ጥርስ ማፋጨት፣ ፀጉር መቆም፣ ፊት ለፊት መፋጠጥ ሲደራረብ ተጠጉ። ከተያያዙ ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው ወይም ካርቶን በመሐላቸው አስገቡ፤ ባዶ እጃችሁን ግን በፍጹም። ደም ከፈሰሰ ይለያዩ። ያኔም ቢሆን ጎን ለጎን፣ በሽቦ ፍርግርግ እየተያዩና እየተሸታተቱ ይሁን እንጂ እንደኔ ሌላ ክፍል አትውሰዱ።

ደም የሌለበት በደልም አለ፤ አንዱ ሌላውን ከምግብ ያባርረዋል። በዓይን አይታይም፤ ሚዛን ግን ያወጣዋል። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑአቸው። አንዱ እየቀነሰ ከሄደ ወይ ተጨቁኗል ወይ ታሟል። ለዓመት በሰላም ኖረው ድንገት ከተጣሉ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ነው የሚኬደው፤ የታመመ ሁሉ ይነጫነጫል።

አሁን ወደ ቤታቸው ልምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከጠቡ ብዙው የሚመጣው ከኛ ጥበት ነው። ሕጉ ለሁለት የሚያስገድደው ግማሽ ካሬ ሜትር ነው። ለጎረምሳ ወንዶች ይህ አይበቃም፤ እኛ ሁለት ካሬ ሜትር ሰጥተናቸዋል፤ ባለቤቴ ሶፋዋን ወደ ግድግዳ ገፍታ ነው እንግዲህ። ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሁን፦ ሁለት የውሃ ጠርሙስ፣ ሁለት ቦታ ድርቆሽ። ድርቆሽ ስል የእንጀራውን ማለቴ አይደለም! መደበቂያ ጎጆ ሁሉ ሁለት በር ይኑረው፤ አንድ በር ያለው ጎጆ ለተሸናፊው ወጥመድ ነው። ሴት ጊኒ ፒግ ክፍሉ ውስጥ አትግባ። ሦስተኛ ወንድ ደግሞ አትጨምሩ።

«ይኮላሹና ይረፉ» የሚል አለ። ሁለት ወንዶችን ማኮላሸት ጠባቸውን ያበርዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሚጠቅመው ወንዱን ከሴት ጋር ለማኖር ነው፤ እዚያም ላይ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስድስት ሳምንት ያህል ማስረገዝ ስለሚችል መጠበቅ ያስፈልጋል። ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ፣ አንድ የተኮላሸ ወንድ ከሴቶች ጋር መያዝ ከሁሉ ይቀላል።

ዳቦና ቆሎን ያስታረቅናቸው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነው፤ የማንኛቸውም ያልሆነ ቦታ። መሐል ላይ ድርቆሽ ከመርን፣ እኔ ፎጣ ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ፈጀ። ድርርር ተባለ፣ ተሳደዱ፤ በመጨረሻ ዳቦ ጀርባውን ሰጥቶ መብላት ጀመረ። በዚያ መሐል ቤታቸውን አጥበን፣ ዕቃውን ሁሉ አዘዋውረን ነበርና ሁለቱም እንደ አዲስ ገቡበት።

ጀርመን ውስጥ ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ ኖርበርት ሳክሰርና ባልደረቦቻቸው ያጠኑት ነገር አለ። በትልቅ መንጋ ውስጥ፣ በታላላቅ ወንዶች መሐል ያደገ ወንድ በኋላ ከማያውቀው ወንድ ጋር ሳይደባደብ መኖር ያውቅበታል። ታላቅ ወንድ ሳያይ ያደገው ግን ይደባደባል። ስትገዙ «ከማን ጋር ነው ያደገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉን አድርጋችሁም የማይስማሙ ይኖራሉ፤ እነሱ ለየብቻ ሌላ ጓደኛ ይፈለግላቸው፤ የናንተ ጥፋት አይደለም።

የኔዎቹ ዛሬ ጠዋት አንድ ቁራጭ ዱባ ላይ ሲጓተቱ ትቻቸው ነው የመጣሁት። ቆሎ ቀድሞ ያዘ፤ ዳቦ ከአፉ ነጥቆት ሮጠ። ታላቁ ማን እንደሆነ እኔ እስካሁን አልለየሁም። ሚዛኑንና ባለ ሁለት በሩን ካርቶን ይዤ መጥቻለሁ፤ ልጆች፣ ኑ እዩት። አመሰግናለሁ።