ጎህ ሲቀድ ድምፅ የሚያሰማው ሐውልት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ አንዲት ባለቅኔ ነው የማወራችሁ፤ ዩልያ ባልቢላ ትባላለች። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ግብፅን ሲጎበኝ ከሚስቱ ከሳቢና ጋር አብራ ሄዳለች። የደረሱን ግጥሞቿ አራት ብቻ ናቸው። እነሱም ሉክሶር፣ ከዓባይ ማዶ፣ አንድ ግዙፍ ሐውልት እግር ላይ ተቀርጸው ነው የተገኙት።

ሐውልቱ የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሣልሳዊ ነው። ግሪኮች ግን ሜምኖን ይሉታል፤ የንጋት እንስት አምላክ ልጅ፣ በትሮይ ጦርነት የግሪኩ ጀግና አኪሌስ የገደለው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ። እነሱ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ስለሆነ፣ ቶሎ «የኛ ነው» አንበል። እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ግን ይኸው ስም ነው።

ሐውልቱ ከተሰበረ በኋላ ጎህ ሲቀድ ድምፅ ያሰማ ነበር። እናቱን ሰላም ሲል ነው ይባላል። ባልቢላ የተመታ ነሐስ ድምፅ ነው ትላለች። በኖቬምበር 130 እ.ኤ.አ. ሳቢና ልትሰማው ስትመጣ ግን ጭጭ አለ። ባልቢላም፣ ዝም ያልከው ውቢቷ ሳቢና ተመልሳ እንድትመጣ ብለህ ነው አለችው። ቀጥላም ንጉሡ እንዳይቆጣህ ብላ አስጠነቀቀችው።

የቤተ መንግሥት ውዳሴ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ቋንቋው ያዘኝ። የጻፈችው በዘመኗ ግሪክኛ አይደለም፤ ከእሷ 700 ዓመት ገደማ በፊት ግሪካዊቷ ባለቅኔ ሳፎ በገጠመችበት ዘዬ ነው። ዛሬ በግዕዝ ቅኔ የሚቀኝ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። የሞተ የሚባለውን ቋንቋ አፍ ታስከፍተዋለህ። እሷ ደግሞ ይህን ያደረገችው፣ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሴስ ምላስና ጆሮህን ቆረጠህ ብላ ለምታዝንለት ድንጋይ ነው።

አንዱ ግጥም መጨረሻ ላይ ስለ ራሷ ትናገራለች። የእናቴ አባት ጠቢቡ ባልቢሉስ ነው፣ የአባቴ አባት ንጉሥ አንጥዮኮስ ነው ትላለች። አንጥዮኮስ የኮማጌኔ ንጉሥ ነበር፤ ኮማጌኔ ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በሚባለው አካባቢ የነበረች ትንሽ መንግሥት ናት። ሮማውያን ያን መንግሥት በ72 እ.ኤ.አ. አፍርሰው ግዛታቸው አድርገውታል። የልጅ ልጁ እንግዲህ ከሮማው ንጉሠ ነገሥት ጋር መጥታ፣ ያንኑ ስም «ንጉሥ» ከሚለው ማዕረጉ ጋር ድንጋይ ላይ አስቀረጸችው። ፊደሎቹ ዛሬም ይነበባሉ።