ውሻው ነክሷል፣ ታዲያ ለምን አይገደልም? የእንስሳት ቁጥጥር ሥራ ከውስጥ

እሺ፣ የዛሬው ርዕሳችን የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ ነው። በካርቱን ላይ መረብ ተሸክሞ ውሻ የሚያሯሩጥ ሰውዬ አለ አይደል? እሱን እርሱት። አንደኛ ነገር፣ ሮጦ ውሻ የሚይዝ ሰው የለም። ውሻ ከሰው ይፈጥናል፣ አለቀ ደቀቀ። ሁለተኛ፣ ብታሯሩጡት የሚገባው መኪና መንገድ ውስጥ ነው። እውነተኛው ሠራተኛ አይሮጥም። እንዲያውም ከሩቅ ያየው ሰው «ይሄ ሰውዬ ደሞዝ የሚከፈለው ቆሞ ለማየት ነው እንዴ?» ይላል። አዎ፣ በከፊል ለሱ ነው!

ሥራው ምን ምን አለበት? የጠፋ ወይም ባለቤት የሌለው እንስሳ መያዝ። ንክሻ ሲኖር ማጣራት። የተራበ፣ የተበደለ እንስሳ አለ ሲባል ሄዶ ማየት። መንገድ የዘጋ ላም፣ ቤት የገባ እባብ፣ መኝታ ክፍል የገባ የሌሊት ወፍ። የሞተ ማንሳትም አለ፣ እሱን የሥራ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ አይጽፉላችሁም። እና ወረቀት። ብዙ ወረቀት።

አሁን የምወዳትን ማነጻጸሪያ ላምጣ፣ ትንሽ እቆይባታለሁ፣ ታገሱኝ። ይሄ ሠራተኛ የእግር ኳስ ዳኛ ነው። በቃ፣ ዳኛ። ዳኛ 90 ደቂቃ ሜዳውን ያካልላል፣ ኳስ ግን አይመታም። ደጋፊ ዳኛን የሚያስታውሰው ሲሳሳት ነው። ጨዋታው በሰላም አልቆ «ዛሬ ዳኛው ጎበዝ ነበር» እያለ ወደ ቤቱ የሚሄድ ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እዚህም ያው ነው። ጎረቤት «ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል፣ ውሰዱልኝ» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «የኔ ውሻ? የኔ ውሻ እኮ ድምፁም አይሰማ!» ይላል፣ ይህን ሲል ከኋላው ውሻው እየጮኸ ነው። ሠራተኛው መሃል ላይ ነው፣ ሁለቱም ለሌላው ያደላ ይመስላቸዋል። ቢጫ ካርድ አለው፣ እሱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፦ አስከትብ፣ እሰር፣ አጥርህን አስተካክል። ቀይም አለው፦ እንስሳውን መውሰድ፣ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ማድረስ። ጎበዝ ዳኛ ግን ካርድ አያበዛም፣ ጨዋታው ሳይግል ጠጋ ብሎ «ተው እንጂ ወንድሜ» ይላል። ልዩነታቸው አንድ ነው። ዳኛ ቫር አለው፣ ያጠራጠረውን በቪዲዮ መልሶ ያያል። የዚህኛው ቫር ራሱ የሚጽፈው ሪፖርት ነው፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፎቶ፣ ማን ምን አለ። ሪፖርቱ ከላላ ፍርድ ቤት ይወድቃል፣ የተበደለውም እንስሳ ወደዚያው ግቢ ይመለሳል።

ወይኔ፣ ስለ ዳኛ ሳወራ ሰዓቱ ሄደ። መሣሪያዎቹን በሩጫ። ማሰሪያ፣ ወፍራም ጓንት፣ ፎጣ፣ የሽቦ ወጥመድ፣ ስካነር፣ ጫፉ ላይ ሲስቡት የሚጠብቅ የገመድ ቀለበት ያለው ረጅም ዘንግ። ዘንጉ የመጨረሻ አማራጭ ነው። እንስሳውን በርቀት ለማቆየት እንጂ በአንገቱ ለመጎተት ወይም ለማንጠልጠል አይደለም። ወጥመዱ ላይ ምግቡ ከኋላ ይቀመጣል፣ እንስሳው መርገጫውን ሲረግጥ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ጨርቅ ይጣልበታል፣ ሲጨልምለት ይረጋጋል። ስካነሩ ከቆዳ ሥር ያለችውን ማይክሮቺፕ ያነባል። የምትሰጠው ብዙውን ጊዜ 15 አሃዝ ያለው የእንስሳው መለያ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም። ባትሪ የላትም፣ ጂፒኤስም አይደለችም፣ «ውሻዬን በስልኬ እከታተላታለሁ» የምትሉ እባካችሁ። አለፍን።

አንዲት ነገር ግን በዝግታ ላሳያችሁ። መኪና ሥር የገባ ውሻ አስቡ። ሠራተኛው ፊት ለፊት አይመጣም። በጎን በኩል ይጠጋል፣ ዝቅ ይላል፣ ዓይኑን አያፈጥበትም። የምግብ ቁራሽ ወርወር ያደርግና ይጠብቃል። የሚያየው አፉን ነው። ሲያለከልክ የነበረ ውሻ ድንገት አፉን ከገጠመ፣ ሰውነቱ ድርቅ ካለ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ብቅ ካለ፣ እጅ አይሰደድም። ማጉረምረም እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ቢያንስ እየነገራችሁ ነው። «ጅራቱን ይቆላ ነበር እኮ!» ትላላችሁ። ጅራት መቁላት ውሻው ስሜቱ ተነሳስቷል ማለት እንጂ የግድ ወዳጅ ነው ማለት አይደለም። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቶሎ ቶሎ የሚርገበገብ ጅራት ካያችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

እሺ፣ ወደ አስተያየቶቻችሁ። ይህን ርዕስ እሠራለሁ ካልኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ዘነበብኝ፦ «ነክሷል አይደል? ለምን ወዲያው አይገደልም? ለምን አስቀምጠው ይቀልቡታል?» በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ ልሄድ ነበር፣ ግን ይሄ ሰው የሚገድል አስተሳሰብ ነው፣ ስለዚህ ቁጭ በሉ።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በንክሻ ይገባል፣ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ይፈጃል። ወደ ምራቅ የሚወጣው አንጎል ከደረሰ በኋላ ነው። አንጎል ከደረሰ ደግሞ ውሻው ብዙ አይቆይም፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ገባችሁ? የነከሰው ውሻ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ውሻው የሚቀለበው ለዚህ ነው! ስሌቱ ለውሻና ለድመት ነው፣ የዱር እንስሳ ላይ አይሠራም። ገደላችሁት እንበል። አሁን መልሱ ያለው አንጎሉ ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱን ላቦራቶሪ መመርመር አለበት። ጭንቅላቱን በድንጋይ ካደቀቃችሁት ደግሞ ምን ሊመረመር ነው?

ቆይ ግን፣ የተነከሰው ሰው 10 ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቅ አላልኩም! እንዳትቆርጡ እንዳትቀጥሉ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ክትባት መጀመር። ውሻው 10 ቀኑን በጤና ከጨረሰ ክትባቱን ማቆም ወይም አለማቆም የሐኪሙ ውሳኔ ነው። የሕመሙ ምልክት ሰው ላይ ከጀመረ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። «አረፋ አልደፈቀም፣ ጤነኛ ነው» የምትሉም አላችሁ። አንዳንዱ የታመመ ውሻ ጭራሽ ዝም ይላል፣ መንጋጋው ይላላል፣ ጥግ ይዞ ይተኛል። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብሎ አፉ ውስጥ እጁን የሚከት ደግ ሰው አይጠፋም፣ አደጋው እዚያ ጋ ነው።

«ታዲያ የጎዳና ውሾችን በሙሉ ብናጠፋስ?» ይሄም ብዙ ላይክ አግኝቷል፣ አዝናለሁ። አይሠራም። ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ሌላ ውሻ ይገባል፣ ይወለዳል፣ እሱ ደግሞ ያልተከተበ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው፦ በሽታው በብዛት ወደ ሰው የሚመጣው ከውሻ ነው፣ 70 በመቶ የሚሆኑት ውሾች ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ ስትገድሉ ከዚያ ቁጥር ላይ ነው የምትቀንሱት።

ሥራውን ልግባበት ለምትሉ፣ መጀመሪያ እናንተ ትከተባላችሁ፣ ከተነከሳችሁ ግን ተጨማሪ ክትባት አይቀርላችሁም። ጠንካራ ሆድም ይጠይቃል። ቡችላ እያለ የታሰረ፣ አድጎ ማንም ያላላለት የአንገት ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ታገኛላችሁ፣ ሽታው ቀድሞ ነው የሚነግራችሁ። ከባለቤቱ ጋር ግን በረጋ ድምፅ ማውራት አለባችሁ፣ ምክንያቱም ሪፖርቱን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

የሌሊት ወፍን ሆን ብዬ ዘለልኳት። ጥርሷ ጥቃቅን ስለሆነ የንክሻዋ ምልክት ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ሰው ተኝቶበት የነበረ ክፍል ውስጥ ከተገኘች በመስኮት አትልቀቋት፣ በባዶ እጅም አትንኳት፣ በሩን ዝጉና ለእንስሳት ቁጥጥር ደውሉ። ለምን እንደሆነ በሚቀጥለው ቪዲዮ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደወሏንም አብራችሁ ተጫኑ።