የብር ጌጥ ጥቁረት እድፍ አይደለም

የደሴና የኮምቦልቻ እናቶችና አባቶች፣ አንጥረኞች፣ አሮጌ ጌጥ እየፈለጋችሁ የምታደርጉ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከየቤታችሁ ሣጥን ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ ጉትቻ ወይም አሸንክታብ አይጠፋም። ውበቱን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ስለዚህ ወደ አያያዙ እንሂድ፤ ከሌባ የተረፈውን ስንቱን ጌጥ ሎሚና አመድ ጨርሶታል!

ከጠገራ ብር እንጀምር፤ የአገራችን አንጥረኛ አቅልጦ ድሪና አልቦ ሲሠራበት የኖረው እሱን ነውና። ምስሏ በላዩ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም የመቱት ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ወጥቷል። «የ1780 ነው» ብሎ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ ሲገጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ። ይልቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ጎኑን በጣት ዳስሱት፤ ዙሪያውን ጎልቶ የወጣ የላቲን ጽሑፍ አለው። በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጎኑ ድብዝዝ ያለ ነው፣ አንዳንዴም የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ማንጠልጠያ ከተበየደበት ክብደቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ሳይበሳና ሳይቆረጥ 25 ግራም ከመዘነ ግን ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

አምባርና አልቦ የታወቀ ክብደት ስለሌላቸው በውሃ ይፈተናሉ። ነጥብ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። መጀመሪያ ጌጡን መዝኑ። ከዚያ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጌጡን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አጥልቁት፤ ይስጠም፣ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየውን ቁጥር ይዛችሁ የመጀመሪያውን ክብደት በሱ አካፍሉ። 42 ግራም የሆነ አምባር 4.1 ቢያሳይ ውጤቱ 10.2 ነው፤ ይኼ የጠገራ ብር ልክ ነው። 4.8 ካሳየ 8.7 ገደማ ይመጣል፤ ብር የሚመስል የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው ማለት ነው። ማግኔት እዚህ ላይ አይረዳም፤ ብሩንም ቅይጡንም አይስብም። ፈተናው የሚሳሳተው የአየር አረፋ ጌጡ ላይ ሲጣበቅ ነውና ውሃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጉት። ውስጡ ባዶ የሆነ ወይም ሰም የተሞላ ጌጥ ግን ብር ሆኖም ቀላል ይመስላል፣ በዚህ መንገድ አይፈረድበትም።

ድሪው ላይ ያለው ብጫ ዶቃስ? «አምበር ነው»፣ ማለትም የጠና የጥንት የዛፍ ሙጫ ነው ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው ከአውሮፓ የመጣ ባክላይት የሚባል የድሮ ፕላስቲክ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 60 ግራም ጨው አሟሙና ዶቃውን ከክሩ አውጥታችሁ ጣሉት። ባክላይት ይሰጥማል፣ አምበር ይንሳፈፋል። ታዲያ አንዳንድ ሌላ ፕላስቲክም፣ ገና ያልጠና የዛፍ ሙጫም ይንሳፈፋሉ፤ የሰጠመው ይወድቃል እንጂ የተንሳፈፈው ሁሉ አላለፈም። ሲያልቅ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። የጋለ መርፌ የሚወጉ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ጠባሳው አይጠፋም።

አሁን ወደ ጥቁረቱ። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ሱፍ፣ ላስቲክና የከሰል ጭስ ያፋጥኑታል። ከላይ ያለው ጥቁረት ይጽዳ፤ በጌጡ ስንጥቅና በሽቦው መሀል የተኛው ግን መነካት የለበትም፣ ሥራው የሚነበበው በሱ ነው። አንድ ቀጭን የብር ሽቦ ጥቅልል አስቡ፦ መሀሉ ጥቁር ሲሆን እያንዳንዱ ዙር ይቆጠራል፤ ሁሉም ነጭ ከሆነ ግን ከሩቅ ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፤ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ አድርቁ። የጥርስ ሳሙና ይቧጭራል። በረኪና ብሩን ይበላዋል። አመድና አሸዋ ደግሞ የአንጥረኛውን መርፌ ያህል ጭረት ጠርገው ይወስዳሉ፤ ወርቅ የተቀባ ከሆነማ ወርቁም አብሮ ይሄዳል።

በአሉሚኒየም ፎይልና በቤኪንግ ሶዳ የሚያጸዱ ብዙ ናችሁ። ፎይል ያነጠፋችሁበት ሳህን ላይ አንድ ሊትር ትኩስ ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሶዳ፣ ጌጡ ፎይሉን ነክቶ ሦስት ደቂቃ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ሠርቷል ማለት ነው። ለልሙጥ ሰንሰለት ጥሩ ነው። ለአሸንክታብ ግን አይሆንም፤ ከስንጥቁ ያለውን ጥቁረትም ሙልጭ አድርጎ ያወጣል። ዶቃ፣ ዛጎል፣ ቆዳ ወይም ሰም ያለበትንም አታስገቡ።

ለአንጥረኞቻችን አንድ አደራ አለን፦ የተሰበረ የብር ማንጠልጠያ በስታኞ አትበይዱ። ነገ ሌላ ሰው በብር መበየጃ ሊጠግነው ሲያግለው ስታኞው ብሩ ውስጥ ገብቶ ይበሳዋል። ስታኞ የነካውን መጀመሪያ ፍቆ ማውጣት እንጂ እሳት መስደድ አይደለም።

ድሪ እንደገና ስትሰኩ ክሩን ከመበጠሳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፤ ተራው አንዴ ከጠፋ አይገኝም። የብር ዶቃ አፉ ስለታም ስለሆነ ተራ የልብስ ስፌት ክር ይቆርጣል፤ ጠንካራ የናይለን ክር ይሻላል። በየዶቃው መሀል ቋጠሮ ካደረጋችሁ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሁሉም ሰኞ ገበያ ላይ አይበተንም። ለፎቶው ደግሞ የቶሳ ተራራ ጉም የወረደበት ጠዋት ይመረጣል። ብር በፀሐይ ያንጸባርቃል፤ በጉም ብርሃን መስኮት ሥር ግን መስመሩ ሁሉ ይወጣል። ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጡ፣ ጀርባውንም አንሱ፣ ክብደቱንና ከማን ቤት እንደመጣ ጻፉ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ፎቶና ልክ የሌለው ዕቃ ነገ ገበያ ላይ ቢታይ እንኳ «የኛ ነው» ለማለት ማስረጃ የለም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነውና፣ «ለውጭ ዘመድ ልላክ» የምትሉ መጀመሪያ የባህልና ቱሪዝም ቢሮን ጠይቁ።

ሚዛኑ፣ ብርጭቆውና የጨው ውሃው በስተቀኝ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጌጥ ይዛችሁ የመጣችሁ በተራ ቅረቡ፤ ዶቃ ያላችሁ ክሩን እዚያው እንፈታዋለን፣ ፎቶው ግን ይቅደም።