የ4,294,967,297 አካፋይ እንዴት ተገኘ፦ ለሐረር የሒሳብ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የምናገረው ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈው አንድ ቁጥር ነው፦ 4,294,967,297። ስምንት አሃዝ ብቻ የሚይዝ የሱቅ ካልኩሌተር አያስገባውም፤ ስለዚህ በእርሳስ እንሄድበታለን።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. ያተኮረው በ3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ላይ ነበር። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ 1 ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን በራሱ ታባዛላችሁ፣ 1 መልሳችሁ ትጨምራላችሁ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ልክ እንደ ጁገል ግንባችን ነባር በሮች አምስት። ስድስተኛው የእኛ ቁጥር ነው። ፌርማ እሱንም ብቸኛ ነው ብሎ ገመተ፤ ተሳሳተ።

በእርግጥ የተለመዱት ፍተሻዎች ስህተቱን አያሳዩም። መጨረሻው 7 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ነው፤ 3 አይገባበትም። ለ7፣ ለ11ና ለ13 ከቀኝ ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጣችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 297 − 967 + 294 − 4። የሚመጣው −380 በሦስቱም አይካፈልም። በራሱ ሲባዛ ከቁጥራችን በ1 ብቻ የሚያንሰው 65,536 ነው፤ እስከ እሱ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ልሞክር ያለ ሰው ደግሞ 6,542 ጊዜ ማካፈል ይጠብቀዋል።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አካፋዩን ያሳወቀው በ1732 እ.ኤ.አ. ነው፤ አቋራጩንም ኋላ አረጋግጦታል። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። 65፣ 129፣ 193 እያላችሁ ጻፉና ብቸኛ ያልሆኑትን ሰርዙ፤ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ይቀራሉ። አራቱ ቀሪ ይተዋሉ። 641 ግን ልክ ይገባል። ከ6,542 ሙከራ ወደ አምስት! ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ማካፈሉ ላይ ቀስ በሉ። 641 በ4294 ውስጥ 6 ጊዜ ይገባል፣ ቀሪ 448። 9 አውርዱ፦ 4489፣ 7 ጊዜ፣ ቀሪ 2። 6 አውርዱ፦ 26፤ አይደርስም፣ ድርሻው ላይ 0 ጻፉ። 7 አውርዱ፦ 267፤ አሁንም አይደርስም፣ ሌላ 0። ከዚያ በ2672 ውስጥ 4 ጊዜ፣ በ1089 1 ጊዜ፣ በ4487 ልክ 7 ጊዜ። ድርሻው 6,700,417 ነው፤ እሱም ብቸኛ ቁጥር ነው።

ጥፋት የሚመጣው እነዚያን ሁለት ዜሮዎች ዘልሎ 67,417 በመጻፍ ነው። የአሃዝ ድምር ማረጋገጫ ይህን አይይዘውም፤ ዜሮ ድምር አይለውጥምና። የመጨረሻውን አሃዝ ማየትም አይረዳም፤ ሁለቱም በ7 ያልቃሉ። የሚይዘው ግምት ነው፦ 600 በ70,000 ሲባዛ 42 ሚሊዮን፣ የእኛ ቁጥር ግን ከ4 ቢሊዮን ይበልጣል። መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቹ ግምቱን ከማካፈላቸው በፊት ይጻፉ፤ ከተካፈለ በኋላ ማንም ተመልሶ አይገምትም።

አሁን ወረቀት አውጡ። በግራ ያላችሁ 193ን፣ በቀኝ ያላችሁ 449ን ያዙና ቀሪውን ፈልጉ።