ከብት ጠፍቶበት የማያውቀው የፀሐይ አምላክ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ፑሻን ላወራችሁ ነው።

የሂንዱ የፀሐይ አምላክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሱርያን ነው። ሰባት ፈረሶች የሚስቡት ሠረገላ፣ የኮናርክ ቤተ መቅደስ፣ ያ ሁሉ ግርማ። ጥንታዊው የሂንዱ የመዝሙር ስብስብ በሆነው በሪግ ቬዳ ዘመን ግን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ገደማ መሆኑ ነው፣ ከፀሐይ ጋር የተያያዙ አማልክት ብዙ ነበሩ። ልቤን የወሰደው ፑሻን ነው።

የእሱን ሠረገላ የሚስቡት ፍየሎች ናቸው። ምግቡም ከእርጎ ጋር የተለወሰ የእህል ዱቄት ነው፤ የኛ በሶ በሉት። የአማልክት ንጉሥ የሆነው ታላቁ ኢንድራ ሶማ የሚባለውን ቅዱስ መጠጥ ሊጠጣ ሲቀመጥ፣ ፑሻን አጠገቡ ሆኖ የሚያምረው ያው በሶው ነው። እንዴት ደስ እንደሚለኝ!

ሥራው መንገድ መጠበቅና የጠፋ ማግኘት ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያላ። ለዚያ ዘመን ሕዝብ ደግሞ ሀብት ማለት ላም ነች። በሪግ ቬዳ ስድስተኛው መጽሐፍ፣ 54ኛው መዝሙር ላይ ምን ብለው እንደሚለምኑት ስሙ። አንዷም አትጥፋ፣ አንዷም አትጎዳ፣ ጉድጓድ ገብታ አትሰበር፣ ሁሉንም በደህና ይዘህልን ና ይሉታል። ቀኝ እጁን ከሩቅ ዘርግቶ የጠፋውን እንዲመልስላቸውም ይማጸናሉ። እኔን የያዘችኝ ጉድጓዷ ናት። ይህን መዝሙር የገጠመው ሰው እግሯ የተሰበረ ላም ፊት የቆመ ይመስለኛል። አምላኩን ሲጠራ የሚለምነው ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

አሁን ወደ አሥረኛው መጽሐፍ እንሂድ፣ 17ኛው መዝሙር። እዚህ ሰው ሞቷል። ሟቹን እንዲሸኝ የሚጠሩት ማንን ነው? ፑሻንን። መንገዱን የሚያውቅ፣ ከብት ጠፍቶበት የማያውቅ፣ የዓለም እረኛ ይሉታል። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የሚወዱትን ሰው ለማን አደራ እንደሚሰጡ ሲጨንቃቸው፣ ላሞቻቸውን የሚመልስላቸውን አመኑ። ሩቅ አልሄዱም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ኢሻ ኡፓኒሻድ በሚባለው የሂንዱ የጥበብ መጽሐፍ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ይጣራል። የእውነት ፊት በወርቅ ክዳን ተሸፍኗል፣ ፑሻን ሆይ፣ አየው ዘንድ ግለጠው ይላል። ጥያቄው ከላም ወደ እውነት ተሻግሯል፤ የሚለመነው ግን ያው በሶ ወዳዱ ነው።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ሌላው የፀሐይ አምላክ ስለ ሳቪታር እናወራለን፤ እጆቹ ወርቅ የሆኑት፣ ጋያትሪ የሚባለው ዝነኛ የሂንዱ ጸሎት የሚደርስለት። እስከዚያው በሰላም ቆዩኝ።