የቬኒስ ድልድዮች፦ መጀመሪያ እግራቸውን እዩ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ቬኒስ ነን። ከ400 በላይ ድልድይ ያላት ከተማ። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም። ወይ ጀልባ ትይዛላችሁ፣ ወይ ድልድይ ትወጣላችሁ፣ ትወርዳላችሁ፣ ደግሞ ትወጣላችሁ። ሁሉንም ማሳየት አልችልም፣ የምወዳቸውን ግን አሳያችኋለሁ።

በሪያልቶ ድልድይ እንጀምር። ሰው ሁሉ መሀሉ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ወደ ዳር ውረዱና እግሩን እዩ። እግሩን!

ለምን? ይሄን ሞክሩት። ከእህቴ ጋር በሳሙና የታጠበ ወለል ላይ በባዶ እግራችን ፊት ለፊት ቆምን። መዳፍ ለመዳፍ ገጠምንና ተደጋገፍን። ከላይ ጠንካራ ነን፣ እጃችን አልላላም። ግን ምን ሆነ? ተረከዛችን ወደ ኋላ ሸርተት፣ ሸርተት፣ በመጨረሻ ሁለታችንም ዘጭ! ደግመን ሞከርን፣ አሁን እሷ ተረከዟን ከግድግዳው አስጠጋች፣ እኔ ከበሩ ደፍ። ንቅንቅ የለም። ያው ሰው፣ ያው ክብደት፣ ያው ሳሙና። ልዩነቱ ተረከዙ የሚረግጠው ነገር ነው።

የድንጋይ ቅስትም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። የሪያልቶ ቅስት ወደ 28 ሜትር ገደማ የሚሻገር ነው፣ መሬቱ ደግሞ ጭቃ። ስለዚህ ድልድዩን የሠራው አንቶኒዮ ዳ ፖንቴ በሁለቱ ዳር ወደ 12,000 የእንጨት ችካል አስቀጠቀጠ፣ ድንጋዩንም ግፊቱ በሚመጣበት አቅጣጫ አዘንብሎ ደረደረ። በቃ፣ ግድግዳውና ደፉ ይሄ ነው። ከ1588 እስከ 1591 ተሠራ (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)።

ከዚያ በፊት እዚያው ቦታ ላይ የነበረው የእንጨት ድልድይ ነው። በ1402 የዓፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብሮች ይዘው ቬኒስ ሲገቡ የቆመው እሱ ነበር። በ1444 የሠርግ የጀልባ ሰልፍ ለማየት ሰው ሲጨናነቅበት ተደረመሰ። በ1524 ደግሞ እንደገና ወደቀ።

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ «እንጨት ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል፣ እንዴት 400 ዓመት ይቆያል?» ብላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአጥር ቋሚ ነቅላችሁ ታውቃላችሁ? የተበላው የቱ ጋ ነው? አፈሩ አፍ ላይ፣ እርጥበትና አየር የሚገናኙበት ቦታ። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ አየር ይፈልጋል። የቬኒስ ችካሎች ግን ውሃ በጠገበ ጭቃ ውስጥ ተቀብረዋል፣ አየር የለም። ጨርሶ አይነኩም ማለቴ አይደለም፣ ባክቴሪያ ቀስ እያለ ይበላቸዋል። «ወደ ድንጋይ ተለውጧል» የምትሉም አላችሁ። አልተለወጠም! ዛሬም እንጨት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ላኩልኝ፣ በጣም ነው የምወደው፣ ሰብስክራይብም አድርጉ።

የትካዜ ድልድይ የሚባለውን ባጭሩ። «ፍቅረኞች ስለሚተክዙበት ነው» ይባላል። አይደለም። የቬኒስ ገዥ የነበረውን መስፍን ቤተ መንግሥት ከእስር ቤቱ ጋር የሚያገናኝ የተሸፈነ መተላለፊያ ነው። እስረኞች በድንጋይ ፍርግርጉ ቀዳዳ ውጭውን አይተው በረጅሙ እየተነፈሱ ይተክዙ ነበር ነው የሚባለው። ከውጭ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ቤተ መንግሥቱን ለመጎብኘት ትኬት ቁረጡና በውስጡ እለፉ። ከዚያች ቀዳዳ የሚታየው ውሃ በጣም ትንሽ ነው፣ ሆድ ያባባል።

ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው፣ በ2008 የተከፈተው፣ አርክቴክቱ ካላትራቫ የነደፈው ድልድይ ያምራል። ግን ደረጃው ላይ መስታወት ስለተደረገ ስንቱ ተንሸራቶ ወድቆበታል። በዝናብ፣ ሻንጣ እየጎተቱ በመስታወት ላይ መራመድ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኔ ለእግር ያልታሰበበት ድልድይ አልወድም።

የመጨረሻው የእኔ ምርጫ ነው፤ የቡጢ ድልድይ፣ በጣሊያንኛ ፖንቴ ዴይ ፑኚ። ትንሽ ነው፣ ቱሪስት ብዙ አይቆምበትም። ካስቴላኒና ኒኮሎቲ የሚባሉ የሁለት ሰፈር ቡድኖች እዚህ በቡጢ ይጋጠሙ ነበር። ያኔ መደገፊያ ስላልነበረው የተሸነፈው ቀጥታ ቦዩ ውስጥ ነው። በ1705 ተከለከለ። ግን አናቱ ላይ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ በአራቱ ማዕዘን ነጭ የእግር አሻራ አለ፣ ተፋላሚዎቹ የሚቆሙበት። ስትሄዱ እግራችሁን እዚያ ላይ አድርጉና ፎቶውን ላኩልኝ። አሁን መደገፊያ አለው፣ አይዟችሁ።